ግድግዳው ላይ የሚያለቅስም ይኑር

በባቻችን የ20ኛ ዓመት የምረቃ መታሰቢያ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው ስልክ ደውሎ «ሃያ ደቂቃ አለሽ፤ እባክሽ ስለ ሕክምና ብቻ እንዳይሆን» ብሎኛል። ምክንያቱ ይገባኛል። በአሥረኛው ዓመት ስብሰባችን ከምሳ በኋላ ስለ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች 64 ስላይድ ያሳየን ወዳጃችን ዛሬም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስለተቀመጠ ስሙን አልጠራም። ስለዚህ ስለ ሥዕል ላወራ ነው። ከሥዕልም ስለ አንድ ዓይነቱ፦ ፖፕ አርት ስለሚባለው፣ የካርቱን ፊት ይዞ የሰውን ስሜት ስለሚያሳየውና በህትመት ስለሚባዛው። ግን አልዋሻችሁም፤ ዞሬ ዞሬ የምመጣው ወደ ሕፃናት ክፍል ነው።

ነገሩ የጀመረው ቴሌግራም ላይ ነው። ባቻችን ለሃያኛ ዓመቱ የሕፃናት ተመላላሽ ሕክምናን የመጠበቂያ አዳራሽ ለማሳደስ ገንዘብ ማዋጣቱን ታውቃላችሁ። አግዳሚ ወንበሩ ተገዝቷል፤ የእጅ መታጠቢያው ውሃ መጥቶለታል፤ ጣሪያውም ማፍሰሱን አቁሟል። የቀረው ግድግዳው ነው። ለግድግዳው የታሰበው ንድፍ ግሩፓችን ላይ ሲለቀቅ አየሁት። በቀኝ ሚኪ ማውስ፣ በግራ ዶናልድ ዳክ፣ መሃል ላይ ፀሐይ፣ ከበሩ በላይ ቢራቢሮ። ሁሉም ጥርሳቸውን ገልጠው ይስቃሉ። ፀሐይዋም ትስቃለች። ዳክዬ ጥርስ እንደሌለው እያወቅን ዶናልድም ጥርስ አብቅሎ ይስቃል። በአንድ ሰዓት ውስጥ የአውራ ጣት ምልክቱ ዘነበ። እኔ ዝም አልኩ። ንድፉ ተጠልቼው አይደለም፤ ቅር ያለኝን ነገር ለማስረዳት ቴሌግራም ስለማይበቃ ነው። እነሆ ሃያ ደቂቃ አገኘሁ።

ከሚኪና ከዶናልድ ልጀምር፤ እነሱም እዚህ ታሪክ ውስጥ አሉበትና። እ.ኤ.አ. በ1961 (የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ የምናገረው በነሱው አቆጣጠር ነው) ሮይ ሊክተንስታይን የተባለ አሜሪካዊ ሰዓሊ ሁለቱን ዓሣ ሲያጠምዱ ሳላቸው። ሥዕሉ «ሉክ ሚኪ» ይባላል፤ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ውስጥ ነው። ዶናልድ መንጠቆው የገዛ ልብሱን ከኋላ ይዞት ሳለ ትልቅ ዓሣ የያዘ መስሎት ዓይኑ ፈጧል። ሚኪ ደግሞ ጓንት ባጠለቀ እጁ አፉን ይዞ ሳቁን ለማፈን ይታገላል። ልብ በሉ፤ እዚያ ሥዕል ላይ ሚኪ እንኳን ዝም ብሎ አይስቅም። ባልንጀራው ላይ ላለመሳቅ የሚታገል ሰው ፊት ነው ያለው። ይህን ፊት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ራውንድ ላይ አንዱ ጓደኛችን ለፕሮፌሰሩ የተሳሳተ መልስ በልበ ሙሉነት ሲመልስ የያዝነው ፊት ነው።

ሊክተንስታይን በዚያን ጊዜ የ37 ዓመት ሰውና የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነበር። እሱና የዘመኑ ጓደኞቹ የሱቅ ዕቃውን፣ ማስታወቂያውን፣ የአሥር ሳንቲሙን የሥዕል መጽሔት አንስተው «ይህም ሥዕል ነው» አሉ። አንዲ ዋርሆል በ1962 የሾርባ ቆርቆሮዎቹን ይዞ መጣ። ስለ ዋርሆል ግን ዛሬ አልናገርም፤ ቆርቆሮ አያለቅስም።

እኔን የያዘኝ ሊክተንስታይን በ1963 የሠራው «ድራውኒንግ ገርል» ነው። ለአጭር ስልጠና ኒውዮርክ በሄድኩበት ወቅት የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ፊት ለፊቱ ቆሜ አይቼዋለሁ። ቁመቱም ስፋቱም 170 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ፀጉሯ ሰማያዊ የሆነ ልጅ ማዕበል ውስጥ እየሰጠመች ነው፤ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ እንባዋ ይወርዳል። ከራሷ በላይ ባለው የሐሳብ ክብ ውስጥ፣ ብራድ የሚባለውን ሰው ለእርዳታ ከመጥራት መስጠምን እንደምትመርጥ ተጽፏል።

ሥዕሉ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1962 ከወጣ አንድ የፍቅር ታሪክ መጽሔት የተወሰደ ነው፤ ዋናውን የሣለው ቶኒ አብሩዞ ይባላል። እዚያ ላይ ከልጅቷ በስተጀርባ የተገለበጠች ጀልባ አለች፤ ወንዱም ጀልባዋን ይዞ ይታያል። ልጅቷም ስትናገር ክራምፕ እንደያዛት ትጠቅሳለች። ሊክተንስታይን ጀልባዋን አወጣ፤ ወንዱን አወጣ፤ ክራምፑንም ሰረዘው። የቀረው ልጅቷ፣ ውሃውና እልኋ ነው።

ይህን ሳውቅ ሳቄ መጣ። ሰውየው ዲያግኖሲሱን አውጥቶ ሕመሙን ተወልን! እኛ የምንሠራው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ካርድ ላይ «ክራምፕ፣ የጀመረው ከሁለት ሰዓት በፊት» ብለን እንጽፋለን። ልጅቷ እየሰጠመች ለምን ሰው እንዳልተጣራች የሚጻፍበት መስመር ግን ካርዱ ላይ የለም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ክራምፑን ያልጻፈ ሐኪም አይሁንብኝ። ግን በየቀኑ የማያቸው እናቶች ውስጥ ልጃቸው አምስት ቀን ተቃጥሎ በስድስተኛው የሚያመጡ አሉ። የትራንስፖርት ገንዘብ የሌላቸው ብዙ ናቸው። «ለምን አዘገየሽ ብላችሁ ትቆጡኛላችሁ ብዬ ፈርቼ» ያሉኝም ግን አሉ። ከመጥራት መስጠም ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቶኒ አብሩዞ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የሊክተንስታይን ሥዕሎች በሚሊዮኖች ዶላር ሲሸጡ ምስሎቹን መጀመሪያ የሣሉት የመጽሔት ሠራተኞች ያገኙት ድርሻ የለም፤ ስማቸውንም የሚያውቅ ጥቂት ነው። አሜሪካ ውስጥ የኮሚክስ ሰዎች በዚህ ቅሬታቸውን እስከ ዛሬ ይናገራሉ፤ እኔም እውነት አላቸው ባይ ነኝ። ይህን ያነሳሁት በኋላ ስለ ግድግዳችን ስናወራ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

አሁን ወደ ህትመቱ። በዚያው በ1963 ሊክተንስታይን «ክራይንግ ገርል» የምትባል የምታለቅስ ልጅ ምስል ሠራ። ይህች ሸራ ላይ የተቀባች አልነበረችም። በማተሚያ ቤት በኦፍሴት ሊቶግራፍ የታተመች ወረቀት ናት፤ የታተመችውም ሊዮ ካስቴሊ በተባለው የኒውዮርክ ጋለሪ የነበረውን ኤግዚቢሽኑን ለማስታወቅ ነው። እስቲ አስቡት፤ እንደ ሠርግ ጥሪ ወረቀት የምታለቅስ ሴት ይደርሳችኋል! በማግስቱ ዓመት ደግሞ ያንኑ ርዕስ በብረት ላይ በኤናሜል ሠራው። ኤናሜል ማለት ያው በየቤታችን የነበረው፣ ሲወድቅ ጠርዙ የሚላጠው ሳህን የተለበጠበት ነገር ነው። በየዋርዱ የነበረችው የኩላሊት ቅርጽ ያላት ሳህንም እሷው ናት። የኤናሜል እንባ በጨርቅ ይወለወላል፣ በበረኪና ይታጠባል፣ ተመልሶ ያለቅሳል። ለሆስፒታል ከዚህ የተሻለ ሥዕል ከየት ይመጣል?

ህትመት መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ስክሪን ፕሪንት የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስንመረቅ የለበስነው ቲሸርት የታተመው በሱ ነው። ፍሬም ላይ የተወጠረ ስስ ጨርቅ አለ፤ ቀለም እንዲያልፍ የማይፈለግበት ቦታ ይደፈናል፤ ቀለሙ ከላይ ፈስሶ በጎማ መጥረጊያ ይሳባል፤ ከስር ያለው ወረቀት ምስሉን ይዞ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ ፍሬም ያስፈልጋል። ስለዚህ ሠሪው መቆጠብ አለበት፤ አራት ቀለም፣ ጥቂት መስመር፣ የቀረው ባዶ ቦታ። ቅንድብ በአንድ መስመር፣ እንባ በአንድ ነጠብጣብ። አንዱ ወረቀት ቢቀደድ ወንድሙ አለ፤ ጠባቂና ብርጭቆ ሳጥን አይፈልግም። ሃምሳ ኮፒ ታትሞ አንዱ ሙዚየም፣ አንዱ የጥርስ ሐኪም ቤት ሊሰቀል ይችላል፤ የጥርስ ሐኪሙ ጋ ያለው ኮፒ ሙዚየም ካለው አያንስም።

ያች ጥቂት መስመር ስሜትን እንዴት ትይዛለች? እዚህ ላይ የአናቶሚ መምህራችን ፊት ለፊቴ ስለተቀመጡ በጥንቃቄ ነው የምናገረው። ሰባተኛው ነርቭ አምስት ቅርንጫፍ አለው (በቃል አይጠይቁኝ፣ ጋሼ)። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 ባሳተመው ጥናቱ የሰውን የፊት ጡንቻ አንድ በአንድ በኤሌክትሪክ እየነካ ፎቶግራፍ አነሳ። ያገኘው ነገር ዛሬም ስሙን ይዞ ይጠራል። የእውነት ፈገግታ ከንፈርን ብቻ አይስብም፤ በዓይን ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ይጨምራል። ከንፈር ሲታዘዝ ይስቃል፤ ዓይን ግን እሺ አይልም። የካርቱን ሠሪ ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ቅንድቡን ወደ ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ዝቅ ሲያደርገው ቁጣ፣ ጫፉን ከፍ ሲያደርገው ሐዘን ይሆናል። ስኮት ማክላውድ የተባለ የኮሚክስ ሠሪ በ1993 ባሳተመው መጽሐፉ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ያስረዳል፤ ፊት በዝርዝር በተሣለ ቁጥር የሌላ ሰው ፊት ይሆናል፣ በቀለለ ቁጥር የራሳችን ፊት ይሆናል ይላል። ሁለት ነጥብና አንድ ጭረት ስናይ ራሳችንን እዚያ ውስጥ እናስገባለን።

ለኛ ይህ እንግዳ መሆን የለበትም። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑ በሙሉ ፊታቸው፣ በሁለት ትልልቅ ዓይን ያዩናል። ይሁዳና ጭፍሮቹ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የተሣሉት። ፊደል ያልቆጠሩ አያቶቻችን ማን ክፉ ማን ደግ እንደሆነ ዓይን ቆጥረው ያውቁ ነበር። ቀለል ያለ ፊት ማንበብ ከማንም አልተማርንም።

እንግዲህ ወደ ሙያችን ልግባ። ሁላችሁም የምታውቁት አንድ የካርቱን ህትመት አለ። ምናልባትም በዓለም ላይ በብዛት ከታዩት አንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ማንም ጥበብ ብሎ አይጠራውም። ስድስት ክብ ፊቶች፣ ከሚስቀው እስከሚያለቅሰው፣ ከስራቸው 0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10። የዎንግና የቤከር የሕመም መለኪያ ነው። በ1980ዎቹ ኦክላሆማ ውስጥ ተልሳ በምትባል ከተማ፣ የቃጠሎ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ዶና ዎንግ የተባለች ነርስና ኮኒ ቤከር የተባለች የሕፃናት ባለሙያ አብረው ሠሩት። ልጆቹ «ከአሥር ስንት ያምሃል?» ሲባሉ መመለስ አልቻሉም፤ ቁጥር ምን ያውቃሉ? እኔ የምወድላቸው ቀጥሎ ያደረጉትን ነው። ባዶ ክብ ሰጥተው «አንተው ሣለው» አሏቸው። ፊቶቹ የመጡት ከልጆቹ እጅ ነው፤ ባለሙያ ሰዓሊ በኋላ አስተካከላቸው እንጂ።

መለኪያው ግን አንድ እንከን አለው፤ እሱም የዛሬው ጉዳዬ ነው። ዜሮው ፊት ይስቃል። ሕመም የሌለው ልጅ ይስቃል ማን አለ? ሳያመው የከፋው ልጅ የቱን ይምረጥ? አሥረኛው ፊት ደግሞ ያለቅሳል፤ ስለዚህ ከመመሪያው ጋር «በጣም አሞሃል ለማለት የግድ ማልቀስ የለብህም» የሚል ማሳሰቢያ ለልጁ ይነገረዋል። በዚህ ምክንያት በ2001 ተሻሽሎ የወጣው ሌላው የፊቶች መለኪያ ሳቁንም እንባውንም አውጥቶ ቅንድቡን፣ ዓይኑንና አፉን ብቻ እያጠበቀ ሕመምን ያሳያል። የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ ሕፃናት ሐኪሞች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሊጣሉ ይችላሉ፤ ሻይ ላይ ይጣሉ።

አንድ ልጅ አለኝ የማልረሳው። ሰባት ዓመት ገደማ ነው፤ የፈላ ውሃ ፈስሶበት ጭኑና ሆዱ ተቃጥሏል። ፋሻ ስንቀይር አንድ ጊዜ እንኳን አላለቀሰም። ጥርሱን ነክሶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ግንባሩ ላይ ላቡ ይወርዳል፣ ልቡ በደቂቃ 150 ይመታል። ወረቀቱን አሳየሁትና የቱ እንደሱ እንደሆነ ጠየቅኩት። ጣቱን የሚስቀው ላይ አደረገ። እናቱ በኩራት «እሱ ጀግና ነው፣ ዶክተር፤ ወንድ አይደል? አያለቅስም» አለች። የሕመም ማስታገሻውን ለልብ ምቱ አዘን ሰጠነው። በማግስቱ ጋብ ሲልለት ለምን የሚስቀውን እንደመረጠ ጠየቅኩት። «እናንተ እሱን ስለምትወዱት» አለኝ። ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ። የዋርዱ ግድግዳ ላይ ሚኪ ነበር፤ አሳም ነበር፤ ዝሆንም ነበር። ሁሉም ይስቁ ነበር።

ወዳጆቼ፣ አስተዳደጋችን ራሱ «ቻል አድርገው» ነው። ማልቀስ ነውር፣ መቆጣት ባለጌነት፣ መፍራት ፈሪነት ተብሎ የመጣን ልጅ፣ ግድግዳውም ተጨምሮ «እዚህ ቤት የሚፈቀደው ፊት ይህ ብቻ ነው» ሲለው ምን ያድርግ? ካልነገረን ደግሞ ከሞርፊኑ በፊት የምንሰጠው ምርቃት ነው የሚሆነው።

ለዚህ ነው የካርቱን ፊት ይዘው ሌላ ነገር የተናገሩ ሠሪዎችን ላሳያችሁ የፈለግሁት። ሁለት ሦስቱን ብቻ።

ዮሺቶሞ ናራ ጃፓናዊ ነው፤ በ1959 ሂሮሳኪ በምትባል የሰሜን ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ሥራ ውለው የሚገቡ ስለነበሩ ብቻውን ያደገ ልጅ ነው። በኋላ ጀርመን አገር ዱሰልዶርፍ ተምሮ እስከ 2000 እዚያው አገር ኖሯል። የሚሥላቸው ልጆች ራሳቸው ትልቅ፣ እግራቸው ትንሽ፣ ዓይናቸው ወደ ጎን የሚገላምጥ ነው። ቆንጆዎች ናቸው፤ ግን ቅር ብሏቸዋል። «ናይፍ ቢሃይንድ ባክ» የሚባለው የ2000 ሥዕሉ ላይ አንዲት ቀይ ቀሚስ የለበሰች ልጅ አንድ እጇ ከኋላዋ ነው። ቢላ አይታይም። ከጀርባዋ ቢላ መያዟን የሚነግረን ርዕሱ ብቻ ነው። ይህ ሥዕል በ2019 ሆንግ ኮንግ ላይ ወደ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሸጧል። ዋጋው አይገርመኝም፤ ባለጠጎች የፈለጉትን ይግዙ። የሚገርመኝ ያችን ልጅ በየሳምንቱ ተመላላሽ ክፍል ማየቴ ነው። መርፌ ሊወጋት የመጣውን ሰው ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ሆና እንዲህ ነው የምታየው። ቢላ ብትይዝ ኖሮ እኔም ሸሽቼ ነበር። የናራ ልጆች በህትመትም፣ በፖስትካርድም፣ በቲሸርትም ተባዝተው ዓለምን ሞልተዋል፤ የተቆጣ ሕፃን ምስል ሰው ሳሎኑ ውስጥ በፍቅር ይሰቅላል።

ካውስ በሚል ስም የሚታወቀው ብራያን ዶነሊ ደግሞ በ1974 ጀርሲ ሲቲ የተወለደ አሜሪካዊ ነው፤ ቀድሞ በካርቱን ፊልም ድርጅት ውስጥ የጀርባ ሥዕል ሲቀባ ነበር። «ኮምፓኒየን» የምትለዋ ፍጡሩ የሚኪን ጓንትና ቁምጣ የለበሰች፣ ራሷ ግን የራስ ቅል የሚመስል፣ ዓይኖቿ ላይ የመስቀለኛ ምልክት ያለባት ናት። አንዱ ሐውልቷ ተቀምጣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍናለች። እንዲህ አድርጎ የተቀመጠ ሚኪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ውሎ ማታ ቤቱ የገባ ሚኪ ይመስላል። ካውስን እንደ ናራ አልወደውም፤ አሻንጉሊቱ በዝቶ ነገሩ ንግድ ንግድ ይለኛል። ይህችን አንዷን ግን ሕሙማን ክፍል ውስጥ ለሚያድሩ ሁሉ ባሳይ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ኪት ሃሪንግ ነው፤ እሱ ላይ ቆም ልበል። በ1958 ፔንሲልቬኒያ ተወለደ። ኒውዮርክ መጥቶ በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ማስታወቂያ ያልተለጠፈባቸውን ጥቁር ወረቀቶች በነጭ ጠመኔ እየሣለባቸው ይሄድ ነበር። የሱ ሰዎች ፊት የላቸውም። ዓይን የለ፣ አፍ የለ፤ ክብ ራስና አካል ብቻ። ስሜቱ ያለው በእጃቸው፣ በጉልበታቸውና ዙሪያቸውን በሚረጩት ጭረቶች ውስጥ ነው። ሲደሰቱ ሰውነታቸው ይርገበገባል፤ ሲፈሩ ይጎብጣሉ። በ1986 ኒውዮርክ ላይ ሱቅ ከፍቶ ህትመቱንና ቲሸርቱን ርካሽ አድርጎ ሸጠ፤ የጥበብ ሰዎች ተቆጡት። በ1987 ፓሪስ የሚገኘው የኔከር ሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ 27 ሜትር ቁመት ባለው የውጭ ደረጃ ሕንፃ ላይ ሣለ፤ ዛሬም ቆሟል። በ1988 ኤድስ እንደያዘው ታወቀ። በማግስቱ ዓመት በሠራው አንድ ፖስተር ላይ ሦስት ቢጫ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ዓይኑን፣ አንዱ ጆሮውን፣ አንዱ አፉን ሸፍኗል። አለማወቅ ፍርሃት ነው፣ ዝምታም ሞት ነው የሚል መልእክት አለው። ሃሪንግ በየካቲት 1990፣ በ31 ዓመቱ ሞተ።

እኛ በ1996 ዓ.ም ነው የተመረቅነው። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው። የኢንተርንነት ዓመታችን መድኃኒቱ ያለበት፣ ግን ለከፋይ ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር። ዝርዝሩን ለእናንተ አልነግርም፤ አብረን ነበርን። የማስታውሰው ግን ራውንድ ስንገባ ነጠላዋን ፊቷ ላይ የምትስበውን ሴት ነው። አልጋ በአልጋ፣ ነጠላ በነጠላ። የበሽታውን ስም እኛም አንጠራም ነበር፤ ካርዱ ላይ በምህጻረ ቃል ጽፈን፣ በእንግሊዝኛ ተንሾካሹከን ወደ ቀጣዩ አልጋ እንሄዳለን። ያን ፖስተር መጀመሪያ ያየሁት ከተመረቅኩ ብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሦስቱ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ማንም አላስረዳኝም። አንዷ ያች ነጠላ ያጣፋችው ሴት ናት፤ የቀሩት ሁለቱ ነጭ ጋውን ለብሰዋል።

ወደ አዳራሹ ግድግዳ ተመልሻለሁ። ይህን ሐሳቤን አስቀድሜ ለጥቂት ጓደኞቼ ነግሬ ነበር። አንዷ «ለታመመ ልጅ ደግሞ የሚያለቅስ ሥዕል? ልጆቹን ልታስለቅሻቸው ነው?» አለችኝ። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። መልሴ ይህ ነው፦ ሥዕሉ አያስለቅሳቸውም፤ ሲመጡም እያለቀሱ ነው። ሳቁም ይጥፋ አላልኩም። ከአሥራ ሁለት ሥዕል አምስቱ ይሳቁ፤ ሦስቱም ዝም ይበሉ። ግን አንዱ ይቆጣ፣ አንዱ ይፍራ፣ አንዱ ያልቅስ፣ አንዱ በእናቱ ነጠላ ውስጥ ይደበቅ። ነርሷ ተራ ስትጠራ ልጁን «ዛሬ አንተ የትኛው ነህ?» ብላ ልትጠይቀው ትችላለች። ይህን ለመጠየቅ ስልጠናም በጀትም አያስፈልግም።

ሚኪን በተመለከተ ደግሞ ሕጉም አለ። በ1928 የወጣው የመጀመሪያው ጥቁርና ነጭ ሚኪ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ አሜሪካ ውስጥ የማንም ሰው ሊጠቀምበት የሚችል ሆኗል፤ እኛ የምናውቀው ባለ ቀለሙ ግን አሁንም ባለቤት አለው። ሊክተንስታይንንም ናራንም ገልብጠን እንቀባ አልልም። የአብሩዞን ነገር ያነሳሁት ለዚህ ነው። እዚሁ አገራችን አለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ህትመት የሚማሩ ወጣቶች አሉ። ለሁለቱ ወይም ለሦስቱ ሥራ ብንሰጣቸው፣ ብንከፍላቸውና ስማቸውን ከስር ብንጽፍላቸው ልጆቹ የራሳቸውን ፀጉር፣ የራሳቸውን እናት፣ የራሳቸውን ቁጣ ያያሉ። ሽሩባ የተሠራች፣ አኩርፋ ጀርባዋን የሰጠች ልጅ ብትሣልልኝ መጀመሪያ ገንዘብ የማወጣው እኔ ነኝ።

የቀረው ተግባራዊ ነገር ነው፤ ቶሎ ልጨርስ። ወረቀቶቹ ከአክሪሊክ ጀርባ ይሁኑ፤ በየቀኑ በበረኪና መወልወል አለባቸውና። የሚሰቀሉት በኛ ቁመት ሳይሆን በልጅ ዓይን ቁመት ነው፤ ከወለሉ ዘጠና ሳንቲ ሜትር ይበቃል። አሁን ባለው ንድፍ ዶናልድን ማየት የሚችለው እናቱ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ልጅ ብቻ ነው። መርፌ መውጊያው በር አጠገብ ደግሞ የሚስቅ ነገር አይሰቀል፤ ልጆች እንደሚቀለድባቸው ያውቃሉ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ፊት ባዶ ይሁን። ነጭ የሚጠፋ ሰሌዳ፣ ላዩ ላይ አንድ ትልቅ ክብ፣ ከስሩ ማርከር። የተልሳ ልጆች እንዳደረጉት የኛም ልጆች የዕለቱን ፊታቸውን ይሣሉበት፤ ማታ ተላላኪዋ ታጥፋው። ማርከሩ በገመድ ታስሮ ይንጠልጠል፤ ሆስፒታላችንን እናውቀዋለን፣ እስከ እኩለ ቀን አይቆይም። ሲያልቅ እኔ እየገዛሁ እልካለሁ፤ ገመዱን ግን ኮሚቴው ይቻል።